ዊሊያም ጄምስ

ዊሊያም ጄምስ (ጃንዋሪ 11 ቀን 1842 – ኦገስት 26 ቀን 1910 እ.ኤ.አ.፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1834 እስከ 1902 ዓ.ም.) አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ፣ ፈላስፋና የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። በአሜሪካ ሥነ ልቦናን እንደ ሳይንስ በዩኒቨርሲቲ ማስተማር ከጀመሩት ሰዎች ቀዳሚው በመሆኑ ብዙ ጊዜ የአሜሪካ ሥነ ልቦና አባት ይባላል። በ1890 ያሳተመው «የሥነ ልቦና መርሆች» የተባለው ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ በዘርፉ ታሪክ ከታወቁት ሥራዎች አንዱ ነው። በፍልስፍና ደግሞ ከቻርልስ ሳንደርስ ፐርስና ከጆን ዱዊ ጋር የፕራግማቲዝም መሥራች ሆኖ ይቆጠራል።

ጄምስ ወደ ሥነ ልቦና የገባው አስቀድሞ አቅዶ አልነበረም። መጀመሪያ ሠዓሊ ለመሆን ሞከረ፤ ከዚያ ኬሚስትሪና የእንስሳት አካል ጥናት ተማረ፤ በመጨረሻም በሕክምና ተመረቀ፤ በሐኪምነት ግን ሠርቶ አያውቅም። በሃያዎቹ ዕድሜው ለዓመታት የጀርባ ሕመም፣ እንቅልፍ ማጣትና ከባድ ድባቴ አሠቃይተውታል። ይህ ሕመም አንድ ጥያቄ አስነሣበት፦ የሰው ሐሳብና ውሳኔ የነርቮች ሥራ ውጤት ብቻ ከሆነ፣ የታመመ ሰው ራሱን ለማንሣት የሚያደርገው ጥረት ምን ዋጋ አለው? ጄምስ የሥነ ልቦና ሰው የሆነው ይህን ጥያቄ ሲከታተል ነው፤ ጥያቄው በዋናው መጽሐፉም ውስጥ ጎልቶ ይታያል።

በዚህ ጽሑፍ ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቤተሰብና ልጅነት

ዊሊያም የተወለደው በኒው ዮርክ ከተማ፣ አስተር ሀውስ በተባለ ሆቴል ውስጥ ነው። ስሙ የወጣለት አያቱ ከአየርላንድ የፈለሰ፣ በኦልባኒ ከተማ በንግድና በመሬት እጅግ የበለጸገ ሰው ነበር። ከአያቱ የተወረሰው ሀብት የጄምስ ቤተሰብ ለዓመታት ያለ መደበኛ ሥራ እንዲኖር፣ ልጆቹም ከአገር አገር እየተዘዋወሩ እንዲማሩ አስችሏል።

አባቱ ትልቁ ሄንሪ ጄምስ ልጅ ሳለ እሳት ሲያጠፋ በደረሰበት ቃጠሎ አንድ እግሩን ያጣ ሰው ነበር። ዕድሜውን በሃይማኖትና በፍልስፍና ላይ በማንበብና በመጻፍ አሳልፏል። በ1844 ቤተሰቡ እንግሊዝ አገር ሳለ፣ አባትየው ከማዕድ በኋላ ብቻውን ተቀምጦ ሳለ ያለ ምንም የሚታይ ምክንያት ድንገተኛ ፍርሃት ያዘው፤ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ ታወከ። መጽናኛ ያገኘው ስዊድናዊው ኢማኑኤል ስዊድንቦርግ በጻፋቸው መንፈሳዊ መጻሕፍት ነበር። ዊሊያም በዚያን ጊዜ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበር፤ እሱም ካደገ በኋላ ተመሳሳይ ፍርሃት ደርሶበታል።

እናቱ ሜሪ ሮበርትሰን ዎልሽ ትባላለች። ከአምስቱ ልጆች የመጀመሪያው ዊሊያም ነው። ቀጥሎ በ1843 የተወለደው ሄንሪ ጄምስ በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ከታወቁት የልብ ወለድ ደራሲዎች አንዱ ሆነ። ጋርት ዊልኪንሰንና ሮበርትሰን የተባሉት ታናናሽ ወንድሞቹ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘምተዋል። የመጨረሻዋ ልጅ አሊስ ብዙ ዕድሜዋን በሕመም ያሳለፈች ሲሆን፣ የጻፈችው የዕለት ማስታወሻ ከሞተች በኋላ ታትሞ ታዋቂ ሆኗል።

አባትየው ልጆቹ ገና በልጅነታቸው በአንድ ሙያ እንዲታጠሩ አይፈልግም ነበር። ስለዚህ በኒው ዮርክ፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በቡሎኝ፣ በጄኔቫና በቦን በተለያዩ ትምህርት ቤቶችና በግል አስተማሪዎች ዘንድ ተምረዋል። ዊሊያም በዚህ መንገድ ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ አጥርቶ ቻለ፤ ሁለቱም ቋንቋዎች በኋላ የአውሮጳን የሳይንስ ጽሑፎች በቀጥታ እንዲያነብ ረድተውታል። በሌላ በኩል ይህ ሁሉ መዘዋወር አንድ ነገር ላይ ጸንቶ መቆየትን አስቸጋሪ አደረገበት። ሙያ መምረጥ ከዓመታት በላይ የፈጀበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከሥዕል ወደ ሳይንስ

ዊሊያም በልጅነቱ ሥዕል ይወድ ነበር። አባቱ ሐሳቡን ባይወደውም በ1860 ቤተሰቡ ከአውሮጳ ወደ ኒውፖርት፣ ሮድ አይላንድ ተመለሰ፤ ዊሊያምም በሠዓሊው በዊሊያም ሞሪስ ሀንት ዘንድ መማር ጀመረ። አብሮት ይማር የነበረው ጆን ላ ፋርጅ በኋላ ስመ ጥር ሠዓሊ ሆኗል። ዊሊያም ግን አንድ ዓመት ሳይሞላ ተወው። ተሰጥኦው ከመካከለኛ ደረጃ በላይ እንደማያደርሰው አምኖ ነበር።

በ1861 በሃርቫርድ ሥር በሚገኘው የሎረንስ የሳይንስ ትምህርት ቤት ገብቶ በቻርልስ ኤሊየት ዘንድ ኬሚስትሪ ተማረ። የቤተ ሙከራ ኬሚስትሪ ስላልማረከው ወደ እንስሳት የአካል ክፍሎች ንጽጽር ጥናት ዞረ፤ በ1864 ደግሞ ወደ ሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ገባ። በዚህ ምርጫ ውስጥ የኑሮ ጉዳይም ነበረበት። የአያቱ ሀብት ከልጅ ወደ ልጅ ሲከፋፈል ስለሳሳ ዊሊያም አንድ ቀን የራሱን እንጀራ ማብሰል ግድ እንደሚሆንበት ያውቅ ነበር፤ ሕክምና ደግሞ ሳይንስንና ገቢን አንድ ላይ የሚያስገኝ መስሎት ነበር።

የአማዞን ጉዞ

በ1865 የሕክምና ትምህርቱን አቋርጦ በታዋቂው የተፈጥሮ ተመራማሪ በሉዊ አጋሲ መሪነት ወደ ብራዚል ከሄደው የጥናት ቡድን ጋር ተጓዘ። የቡድኑ ዋና ሥራ በአማዞን ወንዝና በገባሮቹ የሚገኙ ዓሦችን መሰብሰብ ነበር። አጋሲ የዳርዊንን የዝግመተ ለውጥ ሐሳብ የሚቃወም ሰው ነበር፤ ጄምስ ግን በኋላ የዳርዊንን መንገድ ተከተለ።

ጄምስ ሪዮ ዴ ጃኔሮ እንደደረሰ ፈንጣጣ መሰል በሽታ ያዘው፤ ዓይኖቹም ለጊዜው ደከሙ። ከዳነ በኋላ ለወራት ዓሣ ሲለቅም፣ ሲያሽግና ሲጭን ቆየ። ከዚህ ጉዞ ሁለት ነገር ይዞ ተመለሰ። አንደኛው፣ እየሰበሰቡና እየመደቡ መኖር የእሱ ሥራ አለመሆኑን ማወቁ ነው፤ ዝንባሌው ወደ ማሰላሰል እንደሆነ ለቤተሰቡ ጽፏል። ሁለተኛው ከአጋሲ የተማረው ልምድ ነው፦ ከጠቅላላ ሐሳብ በፊት በዓይን የሚታየውን ዝርዝር ነገር ትኩር ብሎ ማየት። ይህ ልማድ በኋላ የራሱን ሐሳብና ስሜት ሲመረምር በጅቶታል።

ሕመምና የጀርመን ቆይታ

ከብራዚል ተመልሶ ሕክምና ትምህርቱን እንደቀጠለ ጤናው ተቃወሰ። ጀርባው በጽኑ ይታመም ጀመር፤ ዓይኑ ለረጅም ንባብ እምቢ አለው፤ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት አጣ። በ1867 ትምህርቱን እንደገና አቋርጦ ወደ ጀርመን ሄደ። በድሬስደንና በበርሊን ኖረ፤ ለጀርባው ደግሞ በቦሂሚያ ቴፕሊትስ በሚገኘው ፍል ውሃ ታጠበ። ፍል ውሃው ብዙም አልፈየደለትም። በዚህ ወቅት ራሱን ስለማጥፋት ደጋግሞ ያስብ እንደነበር በደብዳቤዎቹ ተናግሯል።

ይሁን እንጂ ሥነ ልቦናን እንደ ሙያ ያየው በዚያው ቆይታው ነው። በጊዜው በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ ነገር ተጀምሮ ነበር። ሄርማን ሄልምሆልትዝ የነርቭ መልእክት የሚጓዝበትን ፍጥነት ለክቶ ነበር፤ ዊልሄልም ቩንት ደግሞ የስሜት ሕዋሳትንና የምላሽ ጊዜን በመሣሪያ ይመረምር ነበር። ከዚያ በፊት የነፍስና የአእምሮ ጉዳይ የፈላስፎችና የቀሳውስት ርዕስ ነበር። ጄምስ በበርሊን ስለ ነርቭ ሥርዓት የሚሰጡ ትምህርቶችን ሲከታተል፣ በነርቭ ለውጥና በንቃተ ኅሊና መካከል ያለው ግንኙነት በልኬት ሊጠና የሚችልበት ጊዜ እንደደረሰ ለአንድ ወዳጁ ጻፈ። በሕመሙ ምክንያት በቤተ ሙከራ ቆሞ መሥራት ስለማይችል፣ ከንባብ ጋር የሚስማማ የምርምር መስክ ማግኘቱም ለእሱ ትልቅ ነገር ነበር። በ1868 ሁለቱን ሊቃውንት ፍለጋ ሃይድልበርግ ድረስ ቢሄድም ሳይቆይ ተመለሰ።

በ1868 መጨረሻ ወደ አገሩ ገባ፤ በ1869 የሕክምና ዶክተር ሆኖ ተመረቀ። ከተመረቀ በኋላ ግን ሥራ ሳይይዝ በካምብሪጅ፣ ማሳቹሴትስ በወላጆቹ ቤት ለሦስት ዓመት ያህል ተቀመጠ።

የ1870 ቀውስ

ጄምስ የተማረው ሳይንስ ለሕመሙ መፍትሔ ከመስጠት ይልቅ ጭንቀቱን አባባሰበት። በዘመኑ የነበሩ ብዙ የፊዚዮሎጂ ምሁራን የሰው ድርጊት በሙሉ በቁስ አካል ሕግ የተወሰነ ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። ይህ እውነት ከሆነ የእሱም ድባቴ በነርቮቹ ላይ የተጻፈ ዕጣ ነው፤ ሊያመልጠው አይችልም። በማርች 1870 በጣም የሚወዳት የአክስቱ ልጅ ሚኒ ቴምፕል በ24 ዓመቷ በሳንባ ነቀርሳ ስትሞት ሐዘኑ በረታ።

በዚህ የወጣትነት ዘመኑ የደረሰበትን አንድ ነገር ከብዙ ዓመት በኋላ በ1902 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የማይታወቅ ፈረንሳዊ ታሪክ አስመስሎ ጽፎታል፤ ታሪኩ የራሱ መሆኑን በኋላ ለመጽሐፉ ፈረንሳዊ ተርጓሚ አምኗል። ሲመሻሽ ወደ አንድ ክፍል ሲገባ በድንገት ከባድ ፍርሃት ወደቀበት። ወዲያውም በአእምሮ ሕሙማን መጠለያ ያየው፣ በሚጥል በሽታ የሚሠቃይና ቀኑን ሙሉ ጉልበቱን አቅፎ ሳይንቀሳቀስ የሚቀመጥ ወጣት ትዝ አለው። እሱም እንደዚያ ሰው ሊሆን እንደሚችል፣ የሚያስጥለውም ምንም ነገር እንደሌለ ተሰማው። ለብዙ ወራት ብቻውን ጨለማ ውስጥ መግባት ያስፈራው ነበር።

በኤፕሪል 1870 መጨረሻ በዕለት ማስታወሻው አዲስ ነገር አሰፈረ። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሻርል ረኑቪዬ ስለ ነጻ ፈቃድ የጻፈውን ሲያነብ፣ አንድ ሰው ሌሎች ሐሳቦች እያሉት አንዱን ሐሳብ መርጦ አጥብቆ መያዝ መቻሉ የነጻ ፈቃድ ትርጉም እንደሆነ ተረዳ። ጄምስ ይህ ቅዠት ነው የሚልበት ምክንያት እንደሌለው ወሰነ፤ የመጀመሪያው የነጻ ፈቃድ ተግባሩም በነጻ ፈቃድ ማመን እንዲሆን መረጠ። ከዚያም ከረጅም ማሰላሰል ይልቅ በጥቃቅን ዕለታዊ ተግባራት ልማድ ለመገንባት አቀደ።

ይህ ማስታወሻ በሕይወት ታሪኮቹ ውስጥ ብዙ ጊዜ እንደ ድንገተኛ ፈውስ ይቀርባል። ሆኖም ደብዳቤዎቹ እንደሚያሳዩት ማገገሙ ዝግ ያለ ነበር፤ ድባቴውም እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልፎ አልፎ ይመለስበት ነበር። በ1873 አባቱ ለሄንሪ በጻፈው ደብዳቤ ዊሊያም መሻሉን ገልጾ፣ ከረዱት ነገሮች መካከል የረኑቪዬን ጽሑፎችና የዎርድስዎርዝን ግጥሞች፣ እንዲሁም የአእምሮ መታወክ ሁሉ የግድ አካላዊ መነሻ አለው የሚለውን እምነት መተዉን ጠቅሷል። በሕክምና የተመረቀ ሰው ይህን እምነት መተዉ የሙያ ለውጥም ጭምር ነበር። አእምሮ በራሱ በኩል ሊሠራበትና ሊታከም የሚችል ከሆነ፣ ራሱን የቻለ ጥናት ይገባዋል ማለት ነው።

መምህርነት

በ1872 የቀድሞ የኬሚስትሪ መምህሩ ቻርልስ ኤሊየት፣ በዚያን ጊዜ የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት፣ ፊዚዮሎጂ እንዲያስተምር ጋበዘው። ጄምስ በ1873 መጀመሪያ በ31 ዓመቱ የመጀመሪያውን ደመወዝተኛ ሥራ ጀመረ። ማስተማሩ ጤናውን እንዳሻሻለለት ወዲያው አስተዋለ፤ በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት ተማሪዎች ፊት መቆም ስለ ራሱ ከማሰብ አሳርፎት ነበር። ከጣሊያን ጉዞ በኋላ በ1874 ወደ ሥራው ተመልሶ በ1875 በፊዚዮሎጂና በሥነ ልቦና ግንኙነት ላይ ትምህርት መስጠት ጀመረ። በዚያው ጊዜ ለተማሪዎች ማሳያ የሚሆኑ መሣሪያዎችን የያዘ ትንሽ የሥነ ልቦና ክፍል አዘጋጀ። ቩንት በላይፕሲግ የመጀመሪያው የሥነ ልቦና የምርምር ተቋም ተብሎ የሚታወቀውን ቤተ ሙከራ የከፈተው በ1879 ነው።

ጄምስ ራሱ ሥነ ልቦናን በተማሪነት ከማንም አልተማረም። ትምህርቱን ያዋቀረው ከፊዚዮሎጂ፣ ከሕክምና፣ ከፍልስፍናና ከራሱ የሕይወት ልምድ ነው። በ1878 ስታንሊ ሆል በእሱ አማካሪነት በአሜሪካ በሥነ ልቦና ርዕስ የመጀመሪያውን የዶክትሬት ዲግሪ አገኘ።

ትዳርና «የሥነ ልቦና መርሆች»

በጁላይ 1878 በቦስተን መምህርት የነበረችውን አሊስ ሃው ጊበንስን አገባ። ጄምስ ሕመሙ ወደ ልጆቹ ይተላለፋል ብሎ ይፈራ ስለነበር ከመወሰኑ በፊት ሁለት ዓመት አመንትቷል። ትዳሩ ሕይወቱን አረጋጋለት፤ አሊስ ደብዳቤዎቹንና ጽሑፎቹን ትጽፍለትና ታነብለት ነበር። ከወለዷቸው አምስት ልጆች አንዱ ሄርማን በ1885 በሕፃንነቱ ሞቷል።

በዚያው በ1878 ከአሳታሚው ከሄንሪ ሆልት ጋር የሥነ ልቦና መማሪያ መጽሐፍ ለመጻፍ ተዋዋለ፤ በሁለት ዓመት እንደሚያስረክብም ቃል ገባ። መጽሐፉ የወጣው በ12ኛው ዓመት ነው። በእነዚህ ዓመታት ወላጆቹ በ1882 በተመሳሳይ ዓመት ሞቱ፤ ወንድሙ ጋርት ዊልኪንሰን በ1883፣ ልጁም በ1885 ተከተሏቸው። ጄምስ ምዕራፎቹን አንድ በአንድ በመጽሔት እያወጣ፣ እያረመ ቆየ። በ1890 ሲታተም 28 ምዕራፎችና 1,400 ያህል ገጾች ነበሩት። በ1892 ለተማሪዎች አጭር እትም አዘጋጀ፤ ተማሪዎች ትልቁን «ጄምስ»፣ ትንሹን «ጂሚ» ይሉት ነበር። በዚህ አጭር እትም መጨረሻ ላይ ሥነ ልቦና ገና ሙሉ ሳይንስ እንዳልሆነ፣ የሳይንስ ተስፋ ብቻ እንደሆነ ጽፏል።

ዋና ዋና ሐሳቦች

ልማድ፦ ጄምስ ልማድ በነርቭ ሥርዓት ውስጥ እየተደጋገመ እንደሚቆፈር መንገድ ነው ይላል። አዲስ ልማድ ለመትከል የፈለገ ሰው በጠንካራ ውሳኔ እንዲጀምር፣ ልማዱ ሥር እስኪሰድ አንድም ጊዜ እንዳያጓድል፣ ዕድሉን ባገኘ ቁጥርም ወዲያው በተግባር እንዲያውለው ይመክራል። በየቀኑ ትንሽ የማይወዱትን ነገር በፈቃደኝነት ማድረግ የችግር ቀን ሲመጣ እንደሚጠቅምም ያክላል። ይህ ምዕራፍ በ1870 ለራሱ ካወጣው ዕቅድ ጋር ግልጽ ዝምድና አለው።

የሐሳብ ፍሰት፦ ከእሱ በፊት የነበሩ ብዙ ጸሐፊዎች አእምሮን የተነጣጠሉ ሐሳቦች ክምችት አድርገው ያዩት ነበር። ጄምስ ግን ንቃተ ኅሊና እንደ ወንዝ ያለማቋረጥ የሚፈስ፣ ሁልጊዜ የሚለዋወጥና የአንድ ሰው የግሉ የሆነ ነገር ነው አለ። ይህ አገላለጽ በሥነ ጽሑፍም የአጻጻፍ ስልት ስም ሆኖ ቀርቷል።

ስሜት፦ በ1884 ባሳተመው ጽሑፍ የተለመደውን ቅደም ተከተል ገለበጠ። ሰው ድብ ሲያይ መጀመሪያ ይፈራል፣ ከዚያ ይሮጣል ይባላል፤ በጄምስ አመለካከት ግን አካል አስቀድሞ ምላሽ ይሰጣል፣ የልብ ምትና የሩጫው መሰማት ራሱ ፍርሃት ይሆናል። ዴንማርካዊው ሐኪም ካርል ላንግ ከጄምስ ጋር ሳይመካከር በ1885 ተቀራራቢ ሐሳብ ስላቀረበ ንድፈ ሐሳቡ የጄምስና ላንግ ንድፈ ሐሳብ ይባላል። በኋላ ዎልተር ካነንን የመሰሉ ተመራማሪዎች ጠንካራ ትችት አቅርበውበታል፤ አካል ለስሜት ያለው ድርሻ ግን እስካሁን ይጠናል።

ማንነት፦ ጄምስ የሚያውቀውን «እኔ» ከሚታወቀው «እኔ» ለየ፤ ሁለተኛውንም ቁሳዊ፣ ማኅበራዊና መንፈሳዊ ብሎ ከፈለው። ለራስ የሚሰጥ ግምት የተገኘው ስኬት ለታለመው ምኞት ሲካፈል የሚገኝ ውጤት እንደሆነም በቀመር መልክ አስቀመጠ። በዚህ ቀመር መሠረት ሰው ስኬቱን በመጨመርም ሆነ ምኞቱን በመቀነስ ለራሱ ያለውን ግምት ማሳደግ ይችላል።

ፈቃድና ትኩረት፦ በመጽሐፉ ረጅም ከሆኑት ምዕራፎች አንዱ ስለ ፈቃድ ነው። ጄምስ የፈቃድ ዋና ሥራ ከባድ የሆነን ሐሳብ በአእምሮ ፊት አጽንቶ መያዝ፣ ማለትም የትኩረት ጥረት ነው ይላል። ሐሳቡ ጸንቶ ከተያዘ ድርጊቱ ራሱ ይከተላል። ይህ ጥረት ነጻ ይሁን የተወሰነ ሥነ ልቦና በሙከራ ሊፈታው እንደማይችል፣ ጉዳዩ የግብረ ገብና የፍልስፍና ምርጫ እንደሆነ ይደመድማል፤ እሱም በበኩሉ ነጻነትን ይመርጣል። በ1870 በማስታወሻው ያሰፈረው ትርጉም ከ20 ዓመት በኋላ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የተብራራ ሐሳብ ሆኖ ወጣ።

ተማሪዎቹ

ጄምስ በክፍል ውስጥ ጥያቄ የሚፈቅድ፣ ከተማሪዎቹ ጋር የሚቀራረብ መምህር እንደነበር ብዙዎቹ መስክረዋል። ከተማሪዎቹ መካከል ጥቁር አሜሪካዊው ምሁር ዊሊያም ዱ ቦይስና ደራሲዋ ጌርትሩድ ስታይን ይገኛሉ። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ ጫጩቶችን እንዴት እንደሚማሩ ሲያጠና አከራዩ ስለከለከለችው፣ ጄምስ ጫጩቶቹን በራሱ ቤት ምድር ቤት እንዲያስቀምጥ ፈቅዶለታል።

ሜሪ ዊተን ካልኪንስ በ1890 ወደ ጄምስ ሴሚናር ስትገባ ሃርቫርድ ሴቶችን በመደበኛ ተማሪነት አይቀበልም ነበር። ሌሎቹ ተማሪዎች ሲቀሩ ጄምስ ብቻዋን ከእሱ ጋር አዲስ የታተመውን መጽሐፍ እያነበበች እንድትማር አደረገ። የዶክትሬት ፈተናዋን በ1895 በብቃት ብታልፍም ዩኒቨርሲቲው ሴት በመሆኗ ዲግሪውን ከለከላት። በ1905 የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነች። ጄምስም ይህን ማኅበር ሁለት ጊዜ፣ በ1894ና በ1904፣ መርቷል።

ከቤተ ሙከራ ውጭ

ጄምስ ለመሣሪያ ልኬት ትዕግሥት አልነበረውም። በ1892 የሃርቫርድን ቤተ ሙከራ ከጀርመን ለመጣው ለሁጎ ሙንስተርበርግ አስረክቦ ፊቱን ወደ ሰፊው ሕይወት መለሰ። ለመምህራን የሰጣቸውን ንግግሮች በ1899 አሳተመ። ሙታንን አነጋግራለሁ የሚሉ ሰዎችን ጉዳይ ለዓመታት መመርመሩ ከብዙ የሙያ ጓደኞቹ ጋር አላስማማውም፤ እሱ ግን ሳይንስ አንድን ክስተት ሳይመረምር መናቅ የለበትም የሚል አቋም ነበረው።

በ1901ና በ1902 በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ የሰጣቸው ንግግሮች «የሃይማኖታዊ ልምድ ዓይነቶች» በሚል መጽሐፍ ወጡ። በዚህ መጽሐፍ የሃይማኖትን ትምህርት ትቶ የግለሰቦችን ምስክርነት፣ በተለይም በሐዘንና በፍርሃት ያለፉ ሰዎችን ታሪክ ያጠናል። የራሱንም ታሪክ ስሙን ሳይጠቅስ ያስገባው እዚህ ነው።

በኤፕሪል 1906 በካሊፎርኒያ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ታላቁ የሳን ፍራንሲስኮ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። ጄምስ በዚያው ቀን ወደምትቃጠለው ከተማ ሄዶ የሰዎችን ሁኔታ ተመለከተ፤ በጋራ መከራ ውስጥ ሰዎች ምን ያህል እንደሚረጋጉና ፈጥነው እንደሚደራጁም ጻፈ።

ክሊፎርድ ቢርስ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታሎች የደረሰበትን በደል የሚገልጽ መጽሐፍ በ1908 ሲያሳትም ጄምስ የድጋፍ ደብዳቤ ጽፎለት በመጽሐፉ ውስጥ ታትሟል። በቀጣዩ ዓመት ለአእምሮ ጤና የተቋቋመውንም ብሔራዊ ኮሚቴ ደግፏል።

የመጨረሻ ዓመታትና ሞት

በ1898 በአዲሮንዳክ ተራሮች ሲወጣ ከአቅም በላይ በመድከሙ ልቡ ተጎዳ፤ ከዚያ በኋላ ሙሉ ጤና አላገኘም። በ1907 ከሃርቫርድ ጡረታ ወጣ፤ በዚያው ዓመት «ፕራግማቲዝም» የተባለ መጽሐፉን አሳተመ። በሴፕቴምበር 1909 ሲግመንድ ፍሮይድና ካርል ዩንግ በክላርክ ዩኒቨርሲቲ ሊናገሩ ሲመጡ ሄዶ ተገናኛቸው። ከፍሮይድ ጋር በእግር ሲሄዱ የደረት ሕመም ያዘው፤ ቦርሳውን ለፍሮይድ ሰጥቶ ቀድሞ እንዲሄድ፣ እሱም ሲሻለው እንደሚደርስበት ነገረው። ፍሮይድ ያን ጊዜ ያየውን እርጋታ በኋላ በግል ታሪኩ አድንቆ ጽፏል።

ጄምስ በ1910 ለሕክምና ወደ አውሮጳ ሄዶ ሳይሻለው ከወንድሙ ከሄንሪ ጋር ተመለሰ። ኦገስት 26 ቀን በቾኮሩዋ፣ ኒው ሃምፕሻየር በሚገኘው የበጋ ቤቱ በ68 ዓመቱ አረፈ። የተቀበረው በካምብሪጅ፣ ማሳቹሴትስ ነው።

ትሩፋት

ጄምስ የራሱን የሥነ ልቦና ትምህርት ቤት አልመሠረተም፤ በስሙ የሚጠራ የሕክምና ዘዴም የለም። ሆኖም አእምሮ ምን ጥቅም ይሰጣል፣ ለኑሮስ እንዴት ያገለግላል የሚለው ጥያቄው ፈንክሽናሊዝም ለተባለው አስተሳሰብ መነሻ ሆነ። ስለ ልማድ፣ ስለ ትኩረት፣ ስለ ስሜትና ስለ ማንነት የጻፈው አሁንም በዩኒቨርሲቲ መማሪያዎች ይጠቀሳል። በሃርቫርድ የሥነ ልቦና ትምህርት ክፍል የሚገኝበት ሕንጻ በስሙ ተሰይሟል።

ተቺዎቹ ጽሑፉ ሥርዓት የጎደለው እንደሆነ፣ በአንዱ ምዕራፍ ያለው ሐሳብ ከሌላው ጋር እንደሚጋጭ ይናገራሉ። በተለይ እንደ ሳይንቲስት ሁሉ ነገር ምክንያት አለው እያለ፣ እንደ ፈላስፋ ነጻ ፈቃድን መምረጡ ያከራክራል። ጄምስ ይህን ግጭት ሊደብቀው አልሞከረም። ወጣት ሳለ የነርቭ ሳይንስን ከልቡ ያጠናውም፣ ያ ሳይንስ ለሕመምተኛው ለራሱ ምን ይተውለታል ብሎ የጠየቀውም አንድ ሰው ነበርና ሁለቱንም በመጽሐፉ ውስጥ ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል።